የተቆረጡት አሥራ አንድ ሰከንዶች

«ስሙኝ! ሁላችሁም ዝም በሉና ስሙኝ!» አለ ባትሪ። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ የነበረችው መቀስ ብቻ ናት፤ እሷም አፏን ከከፈተች ሰዓት አልፏታል።

ወንበር ላይ ወጥቶ ስልኩን እንደ አዋጅ ነጋሪ ከፊቱ ዘረጋ።

«‹ጡት የማጠባ እናት ነኝ› ትላለች። ‹ባለቤቴ የዛሬ ሁለት ሳምንት ከሌላ ሴት ጋር እንደሄደ አወቅኩ። ልጄን ባቀፍኩ ቁጥር እንቀጠቀጥ ነበር። የእናንተን ቪዲዮ አይቼ ትናንት የኤች አይ ቪ ምርመራ አደረግኩ። ነጻ ነኝ! አሁን ልጄን ሳልፈራ አጠባለሁ። ተባረኩ የኔ ልጆች።› አየሽ? አየሽ አይደል? እኛ ነን እኮ!»

መቀስ ዓይኗን ከላፕቶፑ ነቀለች። ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያማራት ለራሷም አልለየላትም።

«ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንዲያየው ከላይ ስቀለው» አለች።

«ሰቅዬዋለሁ! ልብም ሰጥቻታለሁ። አንቺ እኮ ሁሌ ዘግይተሽ ነው የምትነቂው።»

ባትሪ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አስተማሪዎቹ ናቸው፤ ማውራት ከጀመረ ቻርጁ እስኪያልቅ አያቆምም፣ ቻርጁም አያልቅም። እየቀለደ የሚለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች አርባ ሺህ ተከታይ አምጥተውለታል። አንድ የጤና ድርጅት ለወጣቶች ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ አባላዘር በሽታ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ማሠራት ሲጀምር መጀመሪያ የጠራው እሱን ነው። እሱ ደግሞ የክፍል ጓደኛውን ጎትቶ አመጣት። እሱ አምስት ደቂቃ የለፈለፈውን ቆራርጣ አንድ ደቂቃ የምታደርገው እሷ ስለሆነች መቀስ አላት፤ ስሙም ተጣበቀባት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ፊቷ በአንድም ቪዲዮ ላይ ታይቶ አያውቅም። ለምን እንደማትቀረጽ ሲጠይቋት «የኔ ቦታ ከካሜራው ኋላ ነው» ትላለች።

የሚሠሩበት ክፍል ድሮ የወጣቶች ማዕከሉ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍነውታል፤ ቢሆንም የድሮ ኳስና የላብ ሽታው እስካሁን አልወጣም። አንድ ክብ መብራት፣ አንድ ባለ ሦስት እግር የስልክ ማቆሚያ፣ ሲሞቅ እንደ ማንቆርቆሪያ የሚያፏጭ አንድ ላፕቶፕ አለ። ትምህርታቸው የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እዚህ ናቸው።

በሩ ተንኳኳና ሲስተር ገቡ። ሲስተር ከጤና ጣቢያው የተመደቡላቸው ነርስ ናቸው። ባትሪ የሚጽፈውን ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብበው ያርማሉ፣ ከታች ይፈርማሉ፣ ከዚያ ኮሚቴው ማኅተም ያሳርፍበታል። ማኅተም ያረፈበትን ጽሑፍ ማንም አይነካም። ሕጉ ይህ ነው።

«ሲስተር፣ ይምጡ፣ ይምጡ! የሚያስለቅስ ነገር ላሳይዎት» አለ ባትሪ ስልኩን እየሰጣቸው።

ሲስተር መነጽራቸውን አጥልቀው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡት።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው ያለችው?»

«አዎ!» አለ ባትሪ በኩራት።

«እስቲ ቪዲዮውን ክፈቱልኝ።»

ከፈቱላቸው። የባትሪ ፊት ስክሪኑን ሞላው። «ምርመራ ትፈራላችሁ? እኔም ስፈራ ነበር! አንዲት ጠብታ ደም፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አለቀ! ነጻ ከሆናችሁ እፎይ ትላላችሁ። ካልሆናችሁም መድኃኒት አለ፣ ሕይወት ይቀጥላል። ተነሱ፣ ሂዱ፣ ተመርመሩ!»

ቪዲዮው አለቀ። ሲስተር ስልኩን አልመለሱም።

«የሦስት ወሯስ?» አሉ። «ጽሑፉ ላይ የነበረችው። ‹ከተጋለጣችሁ ሦስት ወር ካልሞላ፣ ነጻ የሚለው ውጤት የመጨረሻ አይደለም። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶም ምርመራው ገና ላያገኘው ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት፣ እስከዚያው ተጠንቀቁ።› በቀይ እስክሪብቶ አስምሬባት ነበር። የታለች?»

ባትሪ የጫማውን ማሰሪያ ማየት ጀመረ።

«ይቺ ሴት በሁለት ሳምንቷ ነው የተመረመረችው» አሉ ሲስተር። «ነጻ ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች። ገና አይታወቅም። እሷ ግን አውቄያለሁ ብላ ልጇን እያጠባች ነው።»

«የመረመሯት ሰዎች አይነግሯትም?» አለ ባትሪ።

«ነግረዋት ይሆናል። ነጻ ነሽ ከተባለ በኋላ ግን ሰው ሌላ ነገር አይሰማም። እኔ በየቀኑ የማየው ነው። እኛ አስቀድመን ብንነግራት ኖሮ ጠይቃ ትወጣ ነበር። ብትመጣ ሕፃኑን የምንጠብቅበት መንገድ አለን። አሁን ግን ምን ብላ ትመጣለች?» ወደ መቀስ ዞሩ። «ማን ነው የቆረጠው?»

እውነቱ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። ቪዲዮውን መጀመሪያ ሲለቁት ሙሉ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስምንት መቶ ሰው ብቻ አየው። መቀስ ተመልካች የት ላይ ሰልችቶት እንደሚወጣ የሚያሳየውን መስመር ከፈተች። ሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ መስመሩ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ባትሪ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ተንተባትቧል፤ ስለ ወራት፣ ስለ መድገም ያወራል። ይሰለቻል። አወረደችውና ቆረጠችው። ያለፈውንና የቀጠለውን ስትገጥመው ስፌቱ እንኳን አይታወቅም ነበር። መልሳ ለቀቀችው። በማግስቱ ሁለት መቶ ሺህ። ዛሬ ስድስት መቶ ሺህ።

«አፕሊኬሽኑ ይሆናል» አለች መቀስ። «አንዳንዴ… ሲጫን ራሱ ይቆርጣል።»

ጆሮዋ ጋለ። ባትሪ ቀና ብሎ አያት፣ መልሶ ወደ ማሰሪያው።

«እንዲህም ያደርጋል?» አሉ ሲስተር። ስለ ስልክ የተነገራቸውን ሁሉ ያምናሉ። ያመኗት መሆኑ ነው መቀስን የባሰ ያቃጠላት።

ሦስቱም ተያይዘው ወደ አስተባባሪው ቢሮ ሄዱ። አስተባባሪው ፕሮጀክቱን የሚመራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ አዲስ ባነር ተሰቅሏል፤ የባትሪ ፊት፣ ከሥሩ በትልልቁ «600,000» ይላል። ዓርብ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ።

አስተባባሪው ሲስተር የተናገሩትን እስክሪብቶ እያሽከረከረ ሰማ።

«ቪዲዮው ይውረድ» ብለው ጨረሱ ሲስተር።

«ሲስተር፣ ስድስት መቶ ሺህ ሰው እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ ስድስት መቶ ሺህ ሰው ነው የተሳሳተው» አለች መቀስ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ።

«አልተሳሳተም፤ ሙሉ መረጃ አልደረሰውም። ልዩነት አለው።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ደግሞም ሲስተር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፈረመ ሰው ነው።»

የኮሚቴው አባላት ስድስት ናቸው። ይህን ጽሑፍ ይዘው ሦስት ሳምንት ተሰብስበውበታል። ሦስት ሳምንት! የተከራከሩት ኮንዶም የሚለው ቃል ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ነበር። አንዱ «መከላከያ» ይባል አለ፣ ሌላው «ጥንቃቄ» ይበቃል አለ፣ ሦስተኛው ልጆቹ ቃሉን ሲጠሩ ፈገግ እንዳይሉ ይነገራቸው አለ። ቃለ ጉባኤው ዘጠኝ ገጽ ነው። ማኅተማቸውን ካሳረፉ በኋላ ግን ከስድስቱ አንዱም የተለቀቀውን ቪዲዮ ከጽሑፉ ጋር አላመሳከረም። ቃሉ እንዳያሳፍራቸው ሲጠነቀቁ ሰው እንደሚሞት ረሱ። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ መቀስ ይህን ስታስብ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ የቆረጠው ማን እንደሆነ ትዝ አላትና ጥርሷን ለቀቀች።

«ቪዲዮውን ካጠፋነው ኮሜንቷም አብሮ ይጠፋል» አለች ቀስ ብላ። «ሴትየዋን የምናገኝበት ሌላ መንገድ የለንም። መልእክት መላኪያዋን ዘግታዋለች። ስሟ ላይ ‹እናት ነኝ› ብቻ ነው ያለው፣ ፎቶዋም አበባ ነው። ኮሜንቱ ሥር መጻፍ ብቻ ነው የምንችለው።»

ይህንን የተናገረችው ከልቧ ነበር። አስተባባሪው ግን ጠረጴዛውን መታ አደረገ።

«ይኸው! ልጅቷ ራሷ አለችው። ማጥፋት የለም። ማስተካከያውን ኮሜንት አድርጋችሁ ከላይ ስቀሉት፣ ሴትየዋንም ከሥሯ ጻፉላት። ከዓርብ በኋላ እንነጋገራለን።»

ባትሪ ማስተካከያውን ጻፈና ሰቀለ። መቀስ ለሴትየዋ ጻፈች። «እባክሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አማክሪ፣ ምርመራው መደገም አለበት፣ ነርስ ልናገናኝሽ እንችላለን።» ጠበቁ። አምስት ደቂቃ። አሥር። ላፕቶፑ አፏጨ። የሴትየዋን የቆዩ ኮሜንቶች ፈልገው አገኟቸው፤ ሁሉም ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ የተጻፉ ናቸው።

«ያኔ ነው ሕፃኑ የሚተኛው መሰለኝ» አለ ባትሪ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀልድ አልወጣውም።

መቀስ ዩኒፎርሟን ልትለብስ ቤት ስትገባ እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የፊተኛው ክፍል የእናቷ የሥራ ቦታ ነው፤ ጨርቅ፣ ክር፣ የሰው ቀሚስ፣ የሰው ሱሪ። አንዲት ደንበኛ መስታወቱ ፊት ቆማ እጅጌዋን ታያለች።

«ይቺ ዳንቴል እንዴት ታምራለች! ማን አስቢ አለሽ?» አለች ደንበኛዋ።

«እኔ ነኛ! ላንቺ ብዬ» አለች እናቷ።

ደንበኛዋ ደስ ብሏት ወጣች። እናቷ በሩ መዘጋቱን አይታ ሳቋን ለቀቀችው። «እጅጌውን አሳጥሬባት እኮ ነው! አራት ጣት ሙሉ! ዳንቴሉ ባይኖር ጉዴ ፈልቶ ነበር።» ከዚያ ልጇን አየቻት። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ካውያ ይፈልጋል።»

«እማ፣ ዳንቴል የማይሸፍነው ስሕተት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

እናቷ መኪናውን አቆመች።

«አንድ ጊዜ። አንዲት ሴት የሟች ባሏን ኮት ለልጇ አስተካክይልኝ ብላ ሰጠችኝ። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ ረጅም ልጅ። የሰው ሰርግ ልብስ ላደርስ እየተጣደፍኩ ነበርና የሌላ ሰው ልኬት ይዤ ቆረጥኩት።»

«ምን አደረግሽ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሰጠኋት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለው? ኮቱ አጠረ» አለች እናቷ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ መኪናውን አስነሳች። «ምሳሽን ብዪ።»

አልበላችም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ከወንበራቸው ብድግ አሉላት። እንዲህ አድርገውላት አያውቁም።

«አንቺ የኔ ልጅ! ያ ለፍላፊው ጓደኛሽ የሚያወራበትን ቪዲዮ የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«ተባረኪ! የወንድሜ ልጅ የሹፌር ረዳት ነው፤ መንገድ ለመንገድ የሚውል፣ ታውቂው የለ የልጅ ነገር። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ‹አባባ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ ፈራሁ› አለኝ። ቪዲዮውን አሳየሁታ! በማግስቱ ተመረመረ፣ ነጻ! አሁን ሚስቱ ዘንድ ገብቷል፣ እፎይ ብሏል።»

የመቀስ ቦርሳ ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

«አባባ፣ ከሦስት ወር በኋላ መድገም አለበት። ይደገማል፤ የመጀመሪያው አይበቃም። ኮሜንቱ ላይ ጽፈናል እኮ! ከላይ ሰቅለነዋል!»

«ኮሜንት?» አሉ ዘበኛው። «ኮሜንት ማን ያነባል ልጄ? እኔ ያየሁትማ በሰው ተልኮልኝ ነው፤ ኮሜንትም የለው፣ ዘፈን ነው ከሥሩ ያለው።»

«ይንገሩት። ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት፣ በናትዎ አባባ።»

«እደውላለሁ፣ እደውላለሁ። ግን መንገድ ላይ ከሆነ ስልኩ አይሠራም» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እና ቪዲዮው ውሸት ነበር ማለት ነው?»

መቀስ ቦርሳዋን መልሳ ትከሻዋ ላይ አነሳች። ደወሉ ሲደወል እንደቆመች ነበረች። የዚያን ቀን ከሰዓት የሂሳብ ፈተና ነበር፤ ከአሥሩ ጥያቄ አራቱን ሠርታ ወረቀቱን መለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ማዕከሉ አልሄደችም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ኮሪደሩ ላይ ተራ ያዘች። አንዷ እናት ልጇን በነጠላ ሸፍና ታጠባለች። መቀስ ዓይኗን ከእሷ ላይ ማንሳት አቃታት። ይቺ ብትሆንስ? ፎቶዋ አበባ የሆነችው ሴት ይቺ ብትሆን በምን ታውቃለች? ጠጋ ብላ ‹ቪዲዮ አይተሽ ነበር?› ብላ ትጠይቃት? የሰው ትዳር ውስጥ እጇን ትክተት? ሴትየዋ አፍጥጣ እንደምታያት ስታውቅ ነጠላውን ሳብ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ሲስተር በሩን ከፍተው ሲያይዋት ደነገጡ። «ምነው? አመመሽ?»

መቀስ ገብታ ሳትቀመጥ ተናገረች። «አፕሊኬሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። መጀመሪያ ሙሉውን ለቀነው ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቆረጥኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። ትናንትም ዋሸሁ።»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ነበረች?»

«ምን?»

«የቆረጥሻት። በናንተ ሰዓት ስንት ናት?»

«አሥራ አንድ ሰከንድ።»

ሲስተር የግራ እጃቸውን አንስተው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። መቀስ ውጪ ልትባል ነው ብላ ጠበቀች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ እሹሩሩ አለችው። የሆነ በር ተከፍቶ ተዘጋ። አንድ ሰው አሳለ። ሲስተር ዓይናቸውን ከሰዓቱ አልነቀሉም። ያ ሕፃን ዝም አለ፣ መልሶ ጀመረ።

«ይኸው» አሉ ሲስተር እጃቸውን እያወረዱ። «አሥራ አንድ ሰከንድ ይኼን ያህል ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እንባዋ መጣ፤ ሲስተር ከጠረጴዛው ላይ የጥጥ ቁራጭ አንስተው ሰጧት፣ ለሁሉም ታካሚ እንደሚሰጡት።

«እኔም ብሆን ፈርሜ ሄጃለሁ፤ የተለቀቀውን ቁጭ ብዬ አላየሁትም» አሉ ቆይተው። «ለአስተባባሪው ምን እንደምትዪው አንቺ ታውቂያለሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ምንም ብታደርጉ ስለ ሴትየዋ በቪዲዮ አንዲት ቃል እንዳታወሩ። ባሏ ሊያየው ይችላል። የነገረቻችሁ ለእናንተ ነው።»

«ቪዲዮው ይጥፋ ወይስ ትመጣለች ብለን እንጠብቃት?»

ሲስተር መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «አላውቅም የኔ ልጅ» አሉ። ትልቅ ሰው አላውቅም ሲል መስማት ለመቀስ አዲስ ነገር ነበር። የሚያጽናና ግን አልሆነላትም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ማዕከሉ ዕቃ ቤት ስትገባ ባትሪ ቀድሟት ደርሷል። ቪዲዮውን የገለበጡ ገጾችን ዝርዝር ደብተሩ ላይ ጽፏል፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ለሁሉም ጽፎላቸዋል። ሁለቱ ብቻ መለሱ፤ አንዱ «እሺ» ብሎ ምንም አላደረገም፣ ሌላው የሚስቅ ፊት ላከለት።

«የኔው ፊት፣ ግን ላጠፋው አልችልም!» አለ ባትሪ ደብተሩን ወርውሮ። «ራሴ እዚያ ሆኜ እየለፈለፍኩ፣ ራሴን ዝም በል ልለው አልችልም! ዘፈን ጨምረውብኝ! ሙድ እየያዙብኝ!»

«ለሲስተር ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብያለሁ።»

ባትሪ ደብተሩን ከመሬት አነሳ። «እኔም እኮ አውቅ ነበር። ሁለት መቶ ሺህ ሲገባ ዝም አልኩ።» አቧራውን አራገፈ። «የተንተባተብኩትም እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ አልመለሰችም ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ አራት ጊዜ ጽፈውላታል። በእነዚህ ቀናት ደግሞ ቪዲዮውን ሌላ ሰባ ሺህ ሰው አይቶታል። መቀስ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ልታስቀምጣቸው ሞከረች፤ እዚህ አንዲት እናት ከነሕፃኗ፣ እዚያ የማታውቃቸው ሰባ ሺህ ሰዎች፣ እንደ ዘበኛው የወንድም ልጅና እንደ ሚስቱ ያሉ። በየትኛውም በኩል ብታየው የሚያስተኛ መልስ አላገኘችም።

«መጀመሪያ አዲሱን እንቅረጽ» አለች። «እኔ ነኝ የምናገረው።»

ባትሪ አፉን ከፍቶ ቀረ። «አንቺ? ከካሜራው ፊት? አንቺ እኮ የክፍል ፎቶ ላይ እንኳ ከሰው ኋላ ነው የምትደበቂው!»

«አብራ ዝም ብለህ።»

ክቡ መብራት ሲበራ ዓይኗን አጭበረበራት። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ኪሷ ከተተችው፣ አወጣችው። ባትሪ ከስልኩ ኋላ ሆኖ «ፈታ በይ፣ የፓስፖርት ፎቶ አይደለም» አላት።

«ባለፈው ሳምንት ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ቪዲዮ ለቀን ነበር» ብላ ጀመረች። «ቪዲዮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ማሳሰቢያ ቆርጬበታለሁ። የቆረጥኩት ይሰለቻል ብዬ ነው።» ሲስተር ያሰመሩባትን ማሳሰቢያ እንዳለች ተናገረቻት፤ ሦስት ወሩን፣ መድገሙን፣ እስከዚያው መጠንቀቁን። መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች፣ ከዚያ ቀጠለች። «ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ልጅ የምታጠቡ ደግሞ ሦስት ወሩን ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ሂዱና ነርስ አማክሩ። አይቆጧችሁም። ልጁን የሚጠብቁበት መንገድ አላቸው።»

ባትሪ ቀረጻውን አቆመ። ላፕቶፑ ላይ ሲከፍቱት መሃል ላይ ዝም ያለችበት ቦታ ከልክ በላይ የረዘመ መሰላት።

«እዚህ ጋ ሦስት ሰከንድ ባዶ ነው» አለ ባትሪ ከልማድ። «እንቁረ…» አፉን ያዘ።

«ለቀቅነው» አለች መቀስ፣ ለቀቀችውም።

ከዚያ ቁጭ ብለው አራት ሰዓትን ጠበቁ። የመጨረሻ ጊዜ ለሴትየዋ ጻፉላት፤ የአዲሱን ቪዲዮ ሊንክ አያያዙላት። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ወደ አምስት ሰዓት ሲጠጋ የባትሪ ስልክ ጮኸ፤ ሁለቱም ዘለው ተነሱ። አስተባባሪው ነበር።

«አዲሱን ቪዲዮ ማን ፈቀደላችሁ? ማኅተሙስ የታለ? ነገ እንግዳ አለብኝ፣ ሰማችሁ?»

ባትሪ ስልኩን ለመቀስ ሰጣት።

«ጋሼ፣ ሲስተር በፈረሙት ላይ የሦስት ወሩ ነበረበት። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለእንግዶቹም እንደዚያው ይንገሯቸው» አለች።

«አሁን ማን ቆረጠ የሚለው አይደለም ጉዳዩ! የድሮውን ግን እንዳትነኩ፣ ባነሩ ላይ ያለው እሱ ነው!»

«እሺ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ» አለችና ዘጋችው።

የሴትየዋን ኮሜንት ለመጨረሻ ጊዜ አነበበችው። ‹ተባረኩ የኔ ልጆች።› ከሥሩ የባትሪ ቀይ ልብ፣ ከሥሩ የእነሱ አምስት ልመናዎች፣ መልስ የለም። ምናልባት አንብባቸው ዛሬ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብላ ይሆናል። ምናልባት ስልኩን ባሏ ወስዶት ይሆናል። ምናልባት ጭራሽ አላየችውም።

ስክሪኑ ቪዲዮውን ማጥፋት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ባትሪ።

«አይደለሁም» አለች፣ ተጫነችውም።

ፊቱ፣ ስድስት መቶ ሰባ ሺው፣ ቀዩ ልብ፣ አበባው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሄዱ። ቦታው ነጭ ሆኖ ቀረ። ባትሪ ወንበሩን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

መቀስ የአዲሱን ቪዲዮ መስመር ከፈተች። መቶ ስድስት ሰው አይቶታል። መስመሩ ደህና ሄዶ ሄዶ፣ የሦስት ወሩ ላይ ሲደርስ፣ ልክ እንደ ድሮው ቁልቁል ወረደ። እጇ ሳታስበው ወደ ማውሱ ሄዶ ነበር። መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

እስከ መጨረሻው ያዩት አሥራ ሰባት ሰዎች ናቸው። እነማን እንደሆኑ መስመሩ አይናገርም።